ቤት ያፈራው የሶፋ ልባስ፦ ባና፣ ጂንስ፣ ጋቢና የማዳበሪያ ከረጢት ሲመዘኑ

ደብረ ብርሃን ላይ ዝውውር የደረሰው ሠራተኛ ዕቃውን መሸጥ ሲጀምር ቀድሞ ደጅ የሚወጣው ሶፋው ነው። መኪና ላይ ቦታ ይፈጃል፣ ልባሱ ነትቧል፣ መቀመጫው ጎድጉዷል፤ ገዢ የሚያየው ይህንኑ ስለሆነ ዋጋው ይወድቃል። እንጨቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገና ጠንካራ ነው። እንዲህ ያለውን ሶፋ ገዝቶ ከሱቅ አዲስ ከፋይና አዲስ ስፖንጅ ማልበስ የተቆጠበውን ብር መልሶ ይበላዋል። ስለዚህ እዚህ የምንመዝነው በሰሜን ሸዋ ቤት ቁም ሣጥን፣ ቆጥና ጓዳ ውስጥ ያለውን ነው፦ አሮጌ ባና (ከበግ ሱፍ የተሸመነ ወፍራም ብርድ ልብስ)፣ የተጣለ ጂንስ፣ ያረጀ ጋቢ፣ የስፖንጅ ፍራሽ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ጠፍርና የጎማ ላስቲክ።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ለደጋ ቤት ከአሮጌ ባና የሚበልጥ ልባስ አላገኘንም። ጂንስ ሁለተኛ ነው፤ ነጭ በሚለበስበት ቤት ግን ቀለሙ አስቀድሞ መፈተን አለበት። ጋቢን ብዙ ሰው ከላይ ያለብሰዋል፤ ቦታው ከሥር ነው። የማዳበሪያ ከረጢት ሰው ተሸከም ከተባለ ያሳፍራል፣ ሌላ ሥራ ግን አለው። የወንበሩን ዕድሜ የሚወስነው ደግሞ ማንም የማያየው፣ ከስፖንጁ ሥር የተወጠረው መሸከሚያ ነው። ልባሱ ምንም ቢያምር ሥሩ ከላላ ስድስት ወር ሳይሞላ መሀሉ ተመልሶ ይሰምጣል።

ሳትገዙ በፊት

ሶፋውን ከፊት አንድ እግሩን ወደ 15 ሴንቲሜትር አንሱት። ሌላው የፊት እግር ወዲያው ተከትሎ ከተነሣ መጋጠሚያው ደህና ነው፤ እንጨቱ ተጣሞ እግሩ መሬት ላይ ከቀረ ግን ማያያዣዎቹ ላልተዋል። የላላ መጋጠሚያ በኮላና በብሎን ይድናል፣ ስለዚህ ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ መተዊያ ምክንያት አይደለም። መተው ያለባችሁ ልባሱ የሚመታበት ጠርዝ ቺፑድ ከሆነ ነው። ቺፑድ የመጀመሪያውን የስቴፕለር ሽቦ ይይዛል፤ ያ ከተነቀለ በኋላ ቦታው እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይሆንና ሁለተኛውን አይቀበልም።

ከወንበሩ ሥር የዱቄት ክምር ካለና እንጨቱ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ከታየ ነቀዝ በውስጡ አለ። ዋንዛና የሐበሻ ጥድ ይህን በደንብ ይቋቋማሉ፣ በተለይ የመሀል እንጨታቸው። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ጥፋቱ መሰንጠቁ ላይ ነው፤ ምስማር ስትመቱበት ጫፉን በመዶሻ ትንሽ አደንዝዙት። ሹል ጫፍ ጭረቱን ገፍቶ ይሰነጥቃል፣ የደነዘዘ ጫፍ ግን ጭረቱን በጥሶ ይገባል።

ትኋንን በተመለከተ መለሳለስ የለም። የስፌቱን መሥመር ገልጣችሁ፣ ከሥር የተመታውን ጨርቅ ጥግ ነቅላችሁ በባትሪ እዩ። የቀለም ነጥብ የመሰለ ጥቁር ኩስና ቡናማ ገለፈት ካለ አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ለመተው የማይፈልግ ሰው ወደ ቤት ሳያስገባ ደጅ ላይ ገፎ፣ ጨርቁንና ስፖንጁን አስወግዶ፣ የእንጨቱን ስንጥቅ ሁሉ በፈላ ውሃ ማጠብ አለበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ይደገማል፣ የመጀመሪያው ያልደረሰበት ዕንቁላል እስከዚያ ስለሚፈለፈል። የፈላ ውሃ ኮላ ያላላል፤ ስለዚህ እንጨቱ ሳምንት ያህል ጥላ ላይ ይድረቅና መጋጠሚያው እንደገና ይጣበቅ። ላምባ መቀባት የሚመክሩ አሉ፦ እንጨቱ ሽታውን ለወራት ይዞ ይቆያል፣ እሳትም ይጠራል፤ ይቅርባችሁ። የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይገድለዋል ብሎ ሌሊት ደጅ ማሳደርም አይጠቅምም። በብርድ ለመግደል ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ለተከታታይ ቀናት ያስፈልጋል፤ የደብረ ብርሃን ሌሊት እንደዚያ አይወርድም።

ሲገፈፍ

አሮጌውን ልባስ አትቅደዱት፤ የአዲሱ መለኪያ እሱ ነው። በካቻቢቴና በጉጠት ሽቦውን አንድ በአንድ አንሡና እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ በጠመኔ «ፊት»፣ «ግራ ክንድ»፣ «ጀርባ» እያላችሁ ጻፉ። መጨረሻ የተመታው መጀመሪያ ይነቀላል፦ በቅድሚያ የሥሩ ጨርቅ፣ ከዚያ የጀርባው ውጪ፣ ከዚያ ክንዶቹ፣ በመጨረሻ መቀመጫው። ስታለብሱ ይኸው ቅደም ተከተል ይገለበጣል። ምስማር ያሰፋው ቀዳዳ ውስጥ ኮላ የነካ የክብሪት እንጨት ሰክታችሁ ቁረጡት፤ በማግስቱ እንደ አዲስ እንጨት ምስማር ይይዛል።

መሸከሚያው

ብዙ ወንበር የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም እናድርገው። ሞላ ያለው ሶፋ ከሆነና ሞላው ካልተሰበረ አትንኩት፤ የላላውን በሲባጎ እርስ በርሱ ማሰር ይበቃዋል። ሞላ የሌለው ግን ጠፍር ይፈልጋል። ቃሉን ሆን ብለን ነው የመረጥነው። የአያቶቻችን የጠፍር አልጋ የሚሠራበት ብልሃት፣ ቁመትና አግድም ተጠላልፎ የተወጠረ ጠፍር፣ ዛሬ ሶፋ ሠሪ ከሚጠቀምበት ጋር አንድ ነው። አንዱ ጠፍር ክብደቱን ለሌሎቹ ያካፍላል፤ ሳይጠላለፍ ጎን ለጎን ብቻ ከተመታ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ተሸክሞ ለብቻው ይበጠሳል።

እውነተኛው የቆዳ ጠፍር ቤት ውስጥ ካለ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አድሮ ሲለሰልስ ይወጠራል። እርጥብ ሆኖ በሙሉ ጉልበት መሳብ ስሕተት ነው፤ ሲደርቅ ራሱ ይሰበሰባል፣ ያኔ ደካማ ፍሬም ካገኘ መጋጠሚያውን ነቅሎ ያወጣዋል። ስለዚህ ለወፍራም የዋንዛ ወይም የወይራ ፍሬም ብቻ፣ ጥላ ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን አድርቆ። ክረምት ላይ ትንሽ ይረግባል፣ በጋ ሲመጣ ይመለሳል። ጠላቱ አይጥ ነው።

ለአብዛኛው ቤት የሚሻለው ከመኪና ጎማ ውስጥ የሚወጣው ላስቲክ ነው። ጎማ ጠጋኝ ዘንድ መጠገን ያቆመ አይጠፋም። 5 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው መቀነት ቁረጡት፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ከቀረ ከዚያው ይቀደዳልና መቀሱ ሳይነሣ በአንድ ረድፍ ይሂድ። ክፍተቱ 50 ሴንቲሜትር ከሆነ ላስቲኩ ላይ 45 ላይ ምልክት አድርጉና ምልክቱ ከወዲያኛው ጠርዝ እስኪደርስ ስባችሁ ምቱ። 10 በመቶ ያህል መወጠር ማለት ነው። ከዚያ ያነሰ ይሰምጣል፣ ብዙ የበለጠ ደግሞ ላስቲኩን ቶሎ ያደክመዋል። ጫፉ ላይ ሦስት ምስማር ከተመታ በኋላ 2 ሴንቲሜትር ተኩል አጥፋችሁ ሁለት ጨምሩ፤ አምስቱ በአንድ መሥመር አይሁኑ፣ እንጨቱ ይሰነጠቃል። 55 ሴንቲሜትር ለሚሰፋ የአንድ ሰው መቀመጫ አምስት ወደ ፊት፣ አምስት ወደ ጎን ይበቃል። ምስማሩ ጫማ ሰፊ የሚጠቀምበት ባለ ጠፍጣፋ ራስ፣ ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር የሆነው ይሁን። የቢሮ ስቴፕለር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ላስቲክ ከሌለ ጂንስ። ከእግሩ በቁመቱ 15 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ረጅም ቁራጭ አውጥታችሁ በሦስት አጥፉት፣ ሁለቱን ጠርዝና መሀሉን በመኪና ስፉት፤ 5 ሴንቲሜትር የሚሆን ጠንካራ ጠፍር ይወጣዋል። በአግድሙ የተቆረጠ ግን ይለጠጣል።

የማዳበሪያ ከረጢትን ብዙዎች አጥፈው በዚሁ ቦታ ይመቱታል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እንደ ብረት ነው፤ ጥፋቱ ቆይቶ ይመጣል። ፕላስቲኩ የማያቋርጥ ክብደት ሲጫነው ቀስ በቀስ ይረዝማል፣ ወደ ቦታውም አይመለስም። ምስማር በወጋው ቦታ ደግሞ ክሩ ተንሸራቶ ቀዳዳው ይሰፋል። ለእሱ የሚገባው ሥራ የሥር መሸፈኛነት ነው፦ አቧራ ይከላከላል፣ ክብደት አይጫነውም፣ ዋና ጠላቱ የሆነው ፀሐይም እዚያ አይደርስበትም። የውስጡ ስስ ላስቲክ መውጣት አለበት፣ አለዚያ ወንበሩ አይተነፍስም። ማዳበሪያው እስኪለቅ በደንብ ይታጠብ፤ የቀረው ጨው እርጥበት እየሳበ ምስማሩን ያዝገዋል።

ጆንያ ካላችሁ በጠፍሩና በስፖንጁ መካከል አንድ ንጣፍ አድርጉት። ያለ እሱ ስፖንጁ በጠፍሮቹ ክፍተት እየወረደ ይቆረጣል።

ስፖንጅ በሚዛን ይገዛል

የድሮ ፍራሽ ጥሩ የስፖንጅ ምንጭ ነው፣ ግን ሁሉም ለመቀመጫ አይሆንም። በእጅ ተጭኖ መፍረድ ያታልላል፤ ሚዛን ግን አይዋሽም። 50 በ50 በ10 ሴንቲሜትር ቁራጭ አውጡና ባቅራቢያችሁ ባለ ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። 750 ግራም ከመዘነ በሜትር ኩብ 30 ኪሎ ማለት ነው፣ ለመቀመጫ ይሆናል። ከ500 ግራም በታች ከሆነ ለጀርባ መደገፊያ አውሉት፤ መቀመጫ ላይ ከገባ ወራት ሳይቆይ ይተኛል። ቁራጩን ከፍራሹ የእግርጌ ጠርዝ ውሰዱ፣ ወገብ ያረፈበት መሀል ሞቷል። ሲቆነጥጡት ቢጫ ዱቄት የሚሆነው ደግሞ ዕድሜውን ጨርሷልና ይጣል።

ለመቁረጥ ባለ ጥርስ የዳቦ ቢላዋ ሳይጫኑ በረጅሙ መሳብ ነው። ከፍሬሙ በየጎኑ 1 ሴንቲሜትር ይብለጥ፣ ተጨምቆ ሲገባ ጠርዙ ይሞላል። ለማጣበቅ ማስቲሽ በሁለቱም ፊት በስሱ ቀብታችሁ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁና ግጠሙ፤ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ይሁን። ሙሉውን ከቀባችሁት ሲደርቅ ቅርፊት ሠርቶ ይቆረቁራል። ከሰል በነደደበት ክፍል ውስጥ ማስቲሽ አይከፈት።

የበግ ሱፍ የሚሞሉም አሉ። በደንብ ታጥቦ፣ በእጅ ተፈልፍሎ ለክንድና ለትራስ ሲሆን ድንቅ ነው። ለመቀመጫ ብቻውን ከገባ እየተጠቀጠቀ እብጠት ይሠራል፣ በዓመት አንዴ አውጥቶ መፈልፈል ይጠይቃል። ገለባና ጭድ አይመከርም፦ ይሰበራል፣ አቧራ ይሆናል፣ አይጥ ይጠራል።

ጋቢ የት ይግባ?

ጋቢ በእጅ ከተፈተለ ለስላሳ ጥጥ የተሠራ ነው። የላይ ልባስ ከሆነ የቁልፍ ጥርስ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የሕፃን ጥፍር ሁሉ ክሩን ይመዘዋል፤ ነጭነቱም ሁለት ወር አይቆይም። ከስፖንጁና ከልባሱ መካከል ሲገባ ግን ሱቅ ከሚሸጠው ነጭ የፋይበር ንጣፍ የማይተናነስ ሥራ ይሠራል። የስፖንጁን ሹል ጠርዝ ያለዝባል፣ ልባሱም ስፖንጁ ላይ ተጣብቆ እንዳይፈተግ ያደርጋል። አራቱ ድርብ ተነጣጥሎ ሁለቱ ለመቀመጫ፣ ሁለቱ ለጀርባ ይበቃል። ጥጥ ታጥቦ ስለሚሰበሰብ አስቀድማችሁ በሙቅ ውሃ እጠቡት። ያረጀ አንሶላ ይህን አይተካም፣ ውፍረት የለውም።

ባና

የመንዝ በግ ሱፉ ሻካራ ነው፣ ለሹራብ አይመችም። ለሶፋ ግን ሻካራነቱ ጥቅም ነው፤ ወፍራም ጭረት መፈተግን ይችላል። ሱፍ ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ እርጥብነቱ ሳይሰማ ይቆያል፣ ሲቀመጡበት ወዲያው አይቀዘቅዝም። 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ከፍ ባለው የመንዝ ደጋ፣ ማለዳ ላይ ሰው ሠራሽ ቆዳ የለበሰ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ፍም ቢወድቅበት ሱፍ ይጠቁራል እንጂ ነበልባል አያነሣም፤ ከሰል ቤት ውስጥ ለሚነድበት አካባቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቡናማና ጥቁር የተፈጥሮ ቀለሙም እድፍ አያሳይም።

መጀመሪያ ባናው በእርግጥ ሱፍ መሆኑን እወቁ። ከጠርዙ አንድ ክር መዛችሁ አቃጥሉት፦ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ከተፈረፈረ ሱፍ ነው። ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ከሠራ ሰው ሠራሽ ክር ገብቶበታል፤ ፍም የመቋቋም ችሎታው አብሮ ቀንሷል። ከዚያ ወደ ብርሃን ዘርጉት፤ ብል የበላው ቦታ እንደ ወንፊት ይታያል። በሁለት እጅ ሳብ ሲያደርጉት ትር ትር የሚል ከሆነ ክሩ ደክሟል፣ ለጀርባው ውጪ ካልሆነ አይጠቅምም። ደህናው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ጫፍና ጫፉ ነው።

ሳይቆረጥ መታጠብ አለበት። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ ሳይታሽና ሳይጠመዘዝ ተጫኑት፤ ሣር ላይ ጠፍጣፋ ተዘርግቶ ጥላ ላይ ይድረቅ። ሽመናው ሳሳ ያለ ከሆነ ግን ተቃራኒውን ማድረግ ያዋጣል፦ በለብታ ውሃ አሽቶ ሆን ብሎ ማጨማተር። ሱፉ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠብቃል፣ ሲቆረጥም ጠርዙ አይተረተርም። ሙሉውን ከመንከራችሁ በፊት 20 በ20 ሴንቲሜትር ቁራጭ አሽታችሁ ስትደርቅ ለኩ። 17 ከሆነች ባናውም በዚያው ልክ እንደሚያጥር አውቃችሁ ትቆርጣላችሁ። በረኪና በፍጹም አይነካው፤ ሱፍን ያሟሟዋል።

የባና ችግሩ ውፍረቱ ነው። ጠርዙን አጥፎ መምታት ጉብታ ይሠራል፣ አጭር ሽቦም እንጨት ጋር ሳይደርስ ሱፉ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሳይታጠፍ አንድ ድርብ ሆኖ በ15 ሚሊሜትር ምስማር ይመታ፤ ጥሬ ጠርዙ በአቡጀዲ መቀነት ይሸፈን። ጥግ ላይ በእጥፋቱ ውስጥ የሚደበቀውን ትርፍ ቆርጣችሁ አውጡና ሁለቱን ጠርዝ አገናኝታችሁ በጆንያ መርፌ ስፉት። ክሩ ፖሊስተር ይሁን። ባዶ እግር ላይ ይኮሰኩሳል፤ ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት መቀመጫው ላይ ቀጭን የጥጥ ንጣፍ ጣል ማድረግ ይችላል።

አንድ ነገር በአደራ፦ ባና ተፈትሎ፣ ተሸምኖ ለመድረስ ብዙ ድካም የጠየቀ ሥራ ነው። የሚለበሰውን አትቁረጡ፤ የተቀደደው ይበቃል። የአባት በርኖስ ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ከሽማግሌው ሳይጠየቅ መቀስ አይቅረበው።

ጂንስ በልኩ

45 በ45 ለሆነ፣ 5 ሴንቲሜትር ስፖንጅ ላለው የምግብ ወንበር 63 በ65 ሴንቲሜትር ጨርቅ ያስፈልጋል። አንድ እግር ብቻውን ይህን አይሰጥም። ከሁለቱ እግሮች 33 በ65 የሆኑ ሁለት ቁራጮች አውጥታችሁ በየጠርዙ 1 ሴንቲሜትር ተኩል ለስፌት ትታችሁ መሀል ለመሀል ስትገጥሙ ልክ ይመጣል፤ አንድ ሱሪ ለአንድ ወንበር ማለት ነው። 16 ቁጥር መርፌ ተጠቀሙ፣ ቀጭኑ ይሰበራል። 10 ሴንቲሜትር ለክታችሁ ስትስቡት 11 የሚሆነው የሚለጠጥ ጂንስ ለዚህ አይሆንም፣ ሲቀመጡበት ይንዘረጠጣል።

የቀለሙ ነገር እንዲህ ነው። አዲስ ያለ ሰማያዊ ጂንስ ነጭ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ላይ ይለቃል፤ በዓል ቀን እንግዳ ተነሥታ ስትሄድ ጀርባዋ ላይ ይታያል። ጨውና ኮምጣጤ ቀለሙን ያጸኑታል የሚባለው ለጂንስ አይሠራም። የሚሠራው ደጋግሞ በሙቅ ውሃ ማጠብ ነው። እርጥብ ነጭ ጨርቅ 20 ጊዜ ፈትጉበት፤ ነጩ ሰማያዊ መሆኑን እስኪያቆም ወንበር ላይ አይመታ።

መጋረጃ ለጀርባ ይሆናል፣ ፀሐይ የበላው ካልሆነ። የአልጋ ልብስ የሚያብለጨልጨው ዓይነት ክሩ ይንሸራተታልና አይመከርም።

ሲመታ

ከኋላ መሀሉ አንድ፣ ከፊት መሀሉ አንድ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ። ምስማሮቹን እስከ ግማሽ ብቻ ምቱ፤ መንቀል ይመጣል። ከመሀል ወደ ጥግ እየሄዳችሁ በየ3 ሴንቲሜትሩ፣ ጥጉ ጋ ስትደርሱ 5 ሴንቲሜትር ሳይመታ ይቅር፣ እሱ መጨረሻ ነው። ከጥግ የጀመረ ሰው መሀል ላይ የሚደርሰውን ሽብሽብ የትም አያስገባውም። መጠኑን በመዳፍ ለኩ፦ እጅ ሲሄድበት ጨርቁ ፊቱ ላይ ማዕበል ካነሣ ላልቷል፤ የሽመናው መሥመር ከጎበጠና መቀመጫው እንደ ድፎ ዳቦ ካበጠ ከልክ በላይ ተስቧል።

ባና ከተቀመጡበት በኋላ እንደገና ይረግባል። ስለዚህ የሥሩን መሸፈኛ ቶሎ አትምቱ። ወር ያህል ከተጠቀማችሁበት በኋላ የሁለቱን ጎን ምስማር አንሥታችሁ 1 ሴንቲሜትር ያህል ሳቡና አጥብቁ፤ ያኔ የማዳበሪያ ከረጢቱን ከሥር መትታችሁ ዝጉት።

ቆላ ላይ ያለ ቤት ይህን ሁሉ ለራሱ ይለውጠው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ባና እዚያ ይሞቃል፣ ብሉም ሙቀቱን ወዶ ይበረታል፣ ምስጥም የወንበሩን እግር ይፈልጋል። ለዚያ አገር ጂንስ በላስቲክ ጠፍር ላይ፣ እግሮቹም በቀጥታ አፈር እንዳይነኩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ።

ለደጋው ባና ብልን የሚከላከለው ብርሃንና መንቀሳቀስ ነው። የብሉ ትል የሚበላው ጨለማና ጸጥታ ያለበትን ቦታ ስለሆነ፣ ሶፋው ከግድግዳ ተጣብቆ የሚቆይበትን ጀርባና የክንዱን ሥር በወር አንዴ አዙራችሁ በብሩሽ ጥረጉት።